ካሜራው የወደደው ሚዜ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ሳሎኖች የምታወቀው መልከ መልካም ወንድ የምትወድ ሴት ተብዬ ነው። ስሙ ከወጣልኝ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰርግ ላይ ቁመናው ያማረ ሚዜ ሲያልፍ የማውቃቸው ሴቶች እሱን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። እኔ ደግሞ እንዳይታዘቡኝ ብዬ ሰሃኔ ላይ አቀረቅራለሁ፤ ያን ጊዜ «አየሻት፣ ደነገጠች» ይባባላሉ። እውነቱን ለመናገር መልከ መልካም ወንድ አይቼ ደንግጬ አላውቅም፣ ከአንድ ጊዜ በቀር። ስሙን ያገኘሁት በሌላ ሰው ዓይን ነው።

የራሴን ዓይን ላስቀድም። አሜሪካ የመጣሁት ታላቅ እህቴ ፕሮሰስ አድርጋልኝ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነበር ያቋረጥኩት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ካሸር ሆኜ ተቀጠርኩ፤ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መቀበል። መኪና በሌለ ጊዜ አነባለሁ። መኪና ሲመጣ ጣቴን ገጹ ላይ አድርጌ ቀና እላለሁ። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ወንድ ሙሉውን አይታይም። የሚታየው ከክርኑ እስከ ጣቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመኪናው ውስጥ። ጥፍሩ መቆረጡን፣ ቲኬቱን አለማጨማደዱን፣ ወንበሩ ሥር የከረመ የቡና ኩባያ አለመኖሩን አያለሁ። ወንድ የምመርጥበት ዓይን የተሠራው እዚያች መስኮት ላይ ነው።

ሰው ፍቅር ሲይዘው ልቡ ይመታል ይባላል። የእኔ ልብ የመታው ዳሽቦርዱን የሚወለውልበት ጨርቅ አጣጥፎ በሩ ኪስ ውስጥ ለሚያስቀምጥ አንድ ሰው ነበር። ለሳምንታት አሰብኩት። መልኩን ብትጠይቁኝ ግን አላውቀውም።

ቀስ እያልኩ የሁለተኛ ደረጃውን ፈተና ወሰድኩና ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ኮሌጅ ገባሁ፤ እዚያው ሰፈርም ተዛወርኩ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ ግን ከሌሎቹ ይሻላል። ሥራው የሰርግ ቪዲዮ ማንሳትና ኤዲት ማድረግ ነው። በተከራየው ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ስክሪን ደርድሮ ቅዳሜ ያነሳውን እሁድ ይቆርጣል። ወደዚህ አገር የመጣው በልጅነቱ ስለነበር የአማርኛ ጽሑፉ ደካማ ነው፤ አንድ ቀን ሥራውን ሲያሳየኝ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ላይ ሁለት ስህተት አገኘሁና ሳይጠይቀኝ አረምኩት። ሳይጠይቁኝ ማረም የቆየ በሽታዬ ነው።

«እንግዲያው ነይና አንቺ ጻፊው» አለኝ።

እንዲህ ሆነና ከቅዳሴ በኋላ የእሁድ ከሰዓቴ እዚያ ቤዝመንት ሆነ።

ያኔ ሰርግ በስልክ አይታይም። ሰርግ መልሱም ቅልቅሉም አልፎ ወራት ቆይቶ ዲቪዲው ሲወጣ ነው የሚያልቀው። የሙሽሪት እናት ወዳጅ ዘመዱን ትጠራለች፣ ሴቶቹ ሶፋው ላይ ይደረደራሉ፣ ቪዲዮው ይከፈታል። ሙሽሮቹን ማንም አያያቸውም፤ የእነሱ ነገር አልቋል። የሚታዩት ሚዜዎቹ ናቸው። «እስቲ መልሺው! ያ ግራጫ ከረባት ያደረገው የማን ልጅ ነው?» «የዚያች የጌይተርስበርጓ አይደለም እንዴ?» «አግብቷል?» ስንት ትዳር ከሶፋ እንደተነሳ እኔ አውቃለሁ። እንግዲህ ቪዲዮውን የሚቆርጠው ሰው ሳይታወቀው ደላላ ነው። ማን እንደሚታይና ስንት ሴኮንድ እንደሚታይ የሚወስነው እሱ ነዋ።

በተዋወቅን በሁለተኛው ዓመት ባዶ ዲቪዲ ልንገዛ ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ሄደን፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ «ጌይ ነኝ» አለኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው። በአማርኛ ለዚህ ያሉን ቃላት ስድብ ናቸውና በገዛ አፉ ራሱን መስደብ አልፈለገም። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ባንድ ነገረኝ። እናቱ ሎረል ነው የሚኖሩት፤ ቢሰሙ በሕይወት እያለ ለቅሶ ይቀመጡለታል። ሥራው ደግሞ ያለው በእናቶች ስልክ ውስጥ ነው፤ አንዷ ሌላዋ ጋ ደውላ «ያ ልጅ ጥሩ ያነሳል» ስትል ነው የሚበላው። አንዷ ሌላ ነገር ብላ ከደወለች አለቀ።

አስተዋይ ሰው እንዲህ ሲነገረው እጅ ይይዛል፣ «አይዞህ» ይላል። እኔ ትንሽ አሰብኩና፣

«ምን ዓይነቱን?» አልኩት።

«ምን?»

«ምን ዓይነቱን ወንድ ነው የምትወደው?»

መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! እኔ ይህችን ቀን ስፈራት ኖሬ፣ አንቺ ዓይነቱን ትጠይቂኛለሽ?»

ለማጽናናት ብዬ ወይም ለቀልድ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጌ ነው። ስለ ወንድ ከሰው ጋር አውርቼ አላውቅም ነበር። ከሴቶች ጋር የምናወራው ስለ ባል ነው፤ ባልና ወንድ ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ከዚያ ወዲያ እሁዶቹ ተለወጡ። ስክሪኑን ያቆምና «ይህን እይልኝ!» ይለኛል።

«ምኑን?»

«አንገቱን ነዋ! ከኮሌታው ሲወጣ አይታይሽም?»

«ከጀርባው ያለው ማነው?»

«የቱ?»

«ያ፣ ለአሮጊቷ ወንበር የሚስብላቸው።»

ጠጋ ብሎ ያያል። «ይሄ? ሱሪው እኮ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አልደረሰም።»

«መነጽሩን በመጥረጊያ ጨርቅ ነው የሚጠርገው፤ በከረባቱ አይደለም።»

«እናቴ ትሙት፣ አንቺ ወንድ አይደለም የምትመርጪው፣ ተከራይ ነው። ክሬዲቱንም ቼክ አድርጊዋ!»

የኔዎቹን «የሒሳብ አስተማሪዎችሽ» ይላቸዋል። የሱዎቹ ትከሻቸው የሰፋ፣ ሲስቁ ራሳቸውን ወደ ኋላ የሚጥሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ ናቸው። እኔ እጅጌውን የሰበሰበ ወንድ ሳይ የማስበው ሸሚዙን ማን እንደሚተኩስለት ነው።

ዘግይቶ የተማረ ሰው ነገር ሁሉ ሕግ ያለው ይመስለዋል። ያን ሰሞን ሶሺዮሎጂ እወስድ ነበርና አንድ እሁድ ሕጌን አወጅኩ፦ «ሴት የምታየው ሰውየው የሚያደርገውን ነው። እናንተ የምታዩት ግን ሰውየውን ነው።»

«እናንተ ማለት እነማን ነን?»

«እናንተ ነዋ።»

«ስሚኝማ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ቦርጭ የሌለውን ወንድ ዞሮ አያይም። ሌላው ደግሞ ቁርጥ አንቺን ነው፤ ሰውየው ጡረታ መቆጠብ መጀመሩን ሳያረጋግጥ ሻይ አብሮ አይጠጣም። ሕግሽን ቅደጂው።»

ቀደድኩት። በሴቶች በኩልም ቢሆን አልሠራም ነበር፤ የገዛ እህቴ ልጅ ጸጉሩን ያንጨበረረ ጊታር ተሸካሚ ባየች ቁጥር ራት ትረሳለች። እኔ ግን አላርፍም፤ ሕጉ ቢቀደድም ጥያቄው አልቀረልኝም። ስለሚያደንቀው ሰው ሥራም ሆነ ቤተሰብ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንደማይጠይቅ ጠየቅሁት።

«ጠይቄ ምን ይሠራልኛል?» አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «የኔን ሰው ሽማግሌ አይመርቀው፣ እናቴ አታየው። አንቺ ወንድ ስታዪ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላሽ ቆሞ አብሮሽ ያያል። እኔ ብቻዬን ነው የማየው።»

እንዲህ ሲል ቅሬታ ይሁን ኩራት ከድምፁ ለመለየት አልቻልኩም። የራሴን ግን ለየሁ። በሐሳቤ ዞር ብዬ ከኋላዬ ባይ እናቴ፣ እህቴ፣ የነፍስ አባታችን፣ ሟች አያቴ ሳይቀሩ ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም የሰውየውን ጥፍር ነው የሚያዩት።

ስሙ የወጣልኝ ታሪክ የሚነሳው አሌክሳንድሪያ ከተደገሰ አንድ ሰርግ ነው። የሙሽሪት እናት በሰርግ ጉዳይ ቃላቸው የማይወድቅ ሴት ናቸው፤ ከጓደኛዬ ደንበኞች ግማሹ በሳቸው አፍ የመጡ ናቸው። ለኔም የእህቴ የጽዋ ማኅበር ባልደረባ ስለሆኑ ቅርብ ናቸው። ያን ወር ፈተና ላይ ስለነበርኩ የጽሑፉን ሥራ ከቤቴ ጨርሼ ላክሁለት። ቪዲዮውን ብቻውን ተቀምጦ ቆረጠው። «ኧረ ይበቃል» የሚለው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ዲቪዲው የወጣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ተጠራን። እሱም ቅጂዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሳይበላ መሄድ ስለማይቻል ሰሃን ተሰጥቶት በር አጠገብ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሶፋው ላይ ናቸው። የሙሽሪት አጎትና ሌሎች ወንዶች የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ።

ቪዲዮው ተጀመረ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው አንድ ረጅም ሚዜ ነው። ሙሽሮቹ ከኋላው አሉ፤ ደብዝዘዋል። ቀለበት ሲደረግ ሚዜው ላቡን በመሀረብ ሲያብስ አየን። ሙሽሪት ስታለቅስ ሚዜው ዞር ብሎ ፈገግ አለ፤ በስሎው ሞሽን። ጭፈራው ላይ ካሜራው ከጫማው ተነስቶ እየተንፏቀቀ ወደ ላይ ወጣና አንገቱ ጋ ሲደርስ መንገዱን የጨረሰ ይመስል አረፈ። በዚያ ሁሉ መሃል የሙሽሪት ግማሽ ጆሮ ይታያል።

«ይሄ ማነው? አንደኛ ሚዜው ነው?» አለች አንዷ።

«ኧረ መጨረሻ ላይ የቆመው ነው።»

«እኔኮ ሙሽራው መስሎኝ ስመርቀው ነበር!»

ሳቅ ሆነ። የሙሽሪት እናት ግን አልሳቁም። «ልጄ የታለች?» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ሁሉ ጥልፍ ያስጠለፍኩት ለማን ነው?»

በዚህ ጊዜ ድምፅዋ የሚያስተጋባ አንዲት ጎረቤት ወደ በሩ ዞረችና «አንተ ልጅ፣ ካሜራህን ፍቅር ይዞታል እንዴ?» አለች።

ሁሉም ከመጀመሪያው የባሰ ሳቁ። አጎትየው ግን ጉርሻቸውን መልሰው ሰሃኑ ላይ አስቀመጡትና ጓደኛዬን አዩት። ቆይተው አዩት። እኛ ዘንድ ከሳቅ እስከ ጥርጣሬ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ አንድ ሰው ከተሻገረ ቤቱ ሁሉ ይከተለዋል። ከሴቶቹ አንዷ የአጎትየውን ዓይን ተከትላ ሳቋን አቆመች። ጓደኛዬ እንጀራ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሳያደርሰው በእጁ ይዞት ቀርቷል።

እኔ ውሸት የማልወደው ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ውሸት ዝርዝር ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ ደግሞ እርስ በርሱ መግባባት አለበት፤ ያደክመኛል። እንዲያውም «እኔ ነኝ» ያልኩት ምን እንደምል ሳላሰናዳ ነው።

«አንቺ ምንድነሽ?» አሉኝ የሙሽሪት እናት።

«ምስሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ሊያወጣው ነበር፤ እኔ ነኝ መልሰህ አስገባው ያልኩት።»

«ለምን?»

«ብርሃኑ ስላማረ» ማለት ይቻል ነበር። ያ መልስ የመጣልኝ ሰኞ ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ያኔ የመጣልኝ ሌላ ነው።

«ደስ ስለሚለኝ» አልኩ።

ከወጥ ቤት በኩል እልልታ ተነሳ።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ከመጽሐፍ በቀር ምንም አትመኝም ተብዬ ተስፋ ተቆርጦብኛል። እህቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ተመስገን! ለካ ሰው ናት!» አለች አንዷ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። ያቺ ድምፃም ጎረቤት ግንባሬን ሳመችኝ። የሙሽሪት እናትም የልጃቸውን ጥልፍ ረስተው «መልሱት፣ መልሱት፣ ደህና አድርገን እንየው» አሉ። አጎትየው ጉርሻቸውን አነሱ።

ሳይመሽ በሱ መኪና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለስን። የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ስንጨርስ «ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«ምን ላድርግ ነበር?»

«አሁን እኮ ይድሩሻል።»

«ለማን?»

«ለሱ ነዋ!»

ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። መንገዱ ላይ ሳፈጥ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ግድ የለም፣ ቢያንስ ጥሩ መርጬልሻለሁ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ የሙሽሪት እናት ደወሉልኝ። «ጠይቄያለሁ። አላገባም፣ የመኖሪያ ወረቀት አለው፣ አይጠጣም። ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ።»

«እትዬ፣ ባይቸኩሉ…»

«ያን ሁሉ በቪዲዮ ያየሽው አንቺ፣ ቸኮሉ የምባለው እኔ?»

መውጫ አልነበረኝም። እምቢ ካልኩ «ታዲያ ማነው ያስገባው?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል፤ አጎትየውም ዓይናቸውን ይመልሳሉ። እሺ ብዬ ደግሞ ጓደኛዬ በራሱ ዓይን የመረጠውን፣ ያውም እናቴ ወይም ነፍስ አባቴ ያልመረጡልኝን ሰው ማግባት አልችልም። የቀረው አንድ መንገድ ነው። እሱ ራሱ እንዲተወኝ ማድረግ። ለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። መጀመሪያ ቀን በጨዋነት አገኘዋለሁ፤ ከዚያ በሚቀጥሉት ቀጠሮዎች ቀስ በቀስ አሰለቸዋለሁ። ስለማነበው ነገር አስረዳዋለሁ፤ ቃሉን አርመዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል አንድ ካፌ ተቃጠርን። ቀድሜ ደርሼ ውጭ ስጠብቅ መኪናውን ሲያቆም አየሁት፤ መኪናውንም አየሁት። የስፖርት ቦርሳ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ አንድ እግር ጫማ። ሰውየው ግን ረጋ ያለ፣ ትሁት ሰው ነበር። በር ከፈተልኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ እጁን አፋትጎ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለኝ። «ምኔን ወደድሽው?»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም። በአእምሮዬ ውስጥ ብፈልግ ያገኘሁት የጓደኛዬን ቃል ብቻ ነው፤ እሱን እንዳለ በቃሌ ተወጣሁት።

«አንገትህን» አልኩት። «ከኮሌታህ ሲወጣ። ስትስቅ ደግሞ ራስህን ወደ ኋላ ስትጥል፣ ማንም እንደማያይህ ሁሉ።»

ዓይኑን ሰበረ። «እንዲህ ብላኝ የምታውቅ ሴት የለችም።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አልኩት።

ነገር ማረጋገጥ ልማዴ ነውና፣ የተናገርኩት ትክክል መሆኑን ለማየት ቀና ብዬ አንገቱን አየሁት። ያቺ ናት አንዷ ጊዜ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ እናቴም እህቴም የት እንደሄዱ አላውቅም። ደነገጥኩ። ጓደኛዬ ሙያውን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ሰልፈኞቹ አንድ ባንድ ተመለሱና እኔም «የመኪናህን ዘይት በየስንት ጊዜው ነው የምትቀይረው?» ብዬ ጠየቅሁት። በሙሉ ልቤ ነው የጠየቅሁት፤ ለመግባባት ብዬ። የወደቀው ጫማ ሁለተኛው የት እንዳለም ጠየቅሁት። መጽሐፍ እንቅልፍ እንደሚያመጣበት ሲነግረኝ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቅሁት።

በሳምንቱ የሙሽሪት እናት ቤቴ ድረስ መጡ። ተቀምጠው ብዙ ተነፈሱ። «ልጄ፣ ጠንከር በይ» አሉኝ። «ጥሩ ሰው ናት ይላል። አክባሪ ናት ይላል። ግን ከሷ ጋር መቀመጥ መንጃ ፈቃድ መፈተን ነው አለኝ።»

ዕቅዴን ገና አልጀመርኩትም ነበር። ያን ቀን ያሳየሁት ፀባይ ያለኝ ሁሉ ምርጡን ነው።

ማዘን አልነበረብኝም፤ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ቢሆንም ከፍቶኝ ሰነበትኩ። ለጓደኛዬ ስነግረው መጀመሪያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ «እኔንም የሚተዉኝ እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው» አለኝ። ሁለታችንንም የተወ አንድ ዓይነት ወንድ በማግኘታችን ያን ሰሞን ከመቼውም በላይ ተስማማን።

የተጣለች ሴት ሆኜ ከረምኩ። ከቅዳሴ ስወጣ እጄን ይዘው ጨበጥ የሚያደርጉኝ በዙ። ማንም ግን ስለ ቪዲዮው አልጠየቀም፤ አጎትየውም የወንድማቸውን ልጅ ሰርግ እንዲያነሳላቸው ለጓደኛዬ ራሳቸው ደወሉለት። ወሬው ሁሉ የኔ ነበር፤ ለሱ የተረፈ አልነበረም።

ቆይተው የሙሽሪት እናት ፎቶ ይዘው መጡ። ከመስጠታቸው በፊት ይቅርታ ጠየቁኝ። «የአንቺን ምርጫ አውቃለሁ ልጄ። ይሄ መልክ የለውም፤ አልዋሽሽም። ግን ደህና ሰው ነው፤ ሎረል ነው የሚኖረው። ካልወደድሽው ቅር አይለኝም።»

አየሁት። ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፏል። ግንባሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከጀርባው የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ፤ መጽሐፎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ልቤ ከመስታወቱ ሳጥን ወዲህ እንዲያ መትቶ አያውቅም። ግን መፈንጠዝ አልችልም፤ ትናንት ለአንገት የተቃጠለች ሴት ዛሬ በዚህ ሰው ከፈነጠዘች የመጀመሪያው ነገር ውሸት መሆኑ ነው። ስለዚህ በተሰበረ ድምፅ «እስቲ… ላስብበት» አልኩ። እሳቸው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ፎቶውን ለጓደኛዬ አሳየሁት። «ወይኔ!» አለ። «ይሄማ የሒሳብ አስተማሪ አይደለም፤ ራሱ ሒሳቡ ነው።»

በዚያው ሳምንት ለባለፎቶው ደወልኩለት።

ዛሬ ባሌ ነው። አብረን አዳራሽ ስንገባ ሴቶቹ በሐዘኔታ ያዩኛል፤ ያማራት ሳይሆን የደረሳት፣ ምስኪን። እሱ ያን ዓይን «እንዴት ያከብሩሻል» ይለዋል።

ያኔ ግን ገና በስልክ ላይ ነበርን፤ ጓደኛዬ ደግሞ አጎትየው ያዘዙትን ሰርግ አንስቶ ኤዲት እያደረገ ነው። እሁድ ጽሑፉን ልሠራ ሄጄ የቆረጠውን ከፈተልኝ። ኬክ አየሁ። አበባ አየሁ። የሊሙዚን ጎማ አየሁ። ሚዜዎቹ አንድ ባንድ፣ እኩል እኩል፣ ቀጥ ብለው ቆመው ያልፋሉ። ሲጨፍሩ ካሜራው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሁሉንም እንደ ጉንዳን ያሳያል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ሰርግ።»

«የፓስፖርት ፎቶ ነው እንጂ።»

«ሰውየው እንዴት እንዳዩኝ አላየሽም?» አለ። ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ… እኔ ሁለተኛ እንደዚያ አልታይም። እንዲህ ይሻላል።»

የሚሻል መሆኑንም አውቃለሁ፤ የማያምር መሆኑንም አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የማያምር ነገር አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ማውሱን ከእጁ ወሰድኩት።

«የቱ ነው?»

«ምኑ?»

«ከነዚህ ውስጥ ደስ ያለህ።»

በጣቱ አሳየኝ። አጠር ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ ዝም ብሎ ሰው። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ምኑን እንዳየው አልገባኝም። እንዲያው ስፈልግ ቆርጦ ካወጣው ክፍል ውስጥ ያ ልጅ ከጭፈራው ወጥቶ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ብቻውን የሚስቅበትን አገኘሁ። ጎትቼ አስገባሁት።

«አጎትየው ቢጠይቁስ?» አለኝ።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?»

«ያ ሎረል ያለው ቢሰማስ?»

«ይስማ። ከቆንጆዎች መሃል ተመርጬ ነው ብሎ ይኩራ።»

ሳቀ፤ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋና ራሱ ይቆርጥ ጀመር። ልጁ ስክሪኑ ላይ እየሳቀ መጣ። ሊያልፍ ሲል ጓደኛዬ ጣቱን አንስቶ ጠበቀኝ።

«እዚህ ጋ ይብቃ?»

«አይ» አልኩት። «ትንሽ ጨምርበት።»